ከቫርኒሹ ሥር የቀረችው ጸጉር

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። «ድንንን» ይላል፣ ቆየት ብሎ ይጠፋል። ደግሞ «ድንንን»።

ሰውየው ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆመ። የእህቱ የወጥ ቤት ቧንቧ መስሎት ነበር። ባለፈው ሳምንት «ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ፤ እጀ ብልኅ ወንድም እያለኝ እኔ ከባልዲ ጋር እታገላለሁ» ብላ ስለወቀሰችው፣ መፍቻና የጎማ ቀለበት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞላት እየመጣ ነው። ዳሩ ግን ውኃ እንዲህ አይልም። ውኃ ጠብ ካለ ጠብ አለ ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህኛው ከወደቀ በኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ በግድግዳው አልፎ፣ እሱ የያዘው የደረጃ ብረት ድረስ መጥቶ መዳፉን ነዘር ያደርገዋል።

የቀሩትን ደረጃዎች በጥንቃቄ ወጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ክፍት ነው! ግባ! እጄ ሥራ ይዟል!»

እህቱ መስኮቱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አዲስ ጊታር አለ፤ የሰው ሕፃን ተቀብሎ እንዳቀፈ ሰው ትከሻዋን ሰብስባ ይዛታለች። ወለሉ ላይ የተቀደደ ካርቶን፣ የገለባ ፍርፋሪና የተቆረጠ ሲባጎ ተበትኗል። በአውራ ጣቷ ወፍራሙን ክር ሳብ አድርጋ ለቀቀችው።

«ሰማኸው?» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጠብቅ። «ቆይ ደግሞ ስማ። እስኪያልቅ ድረስ እንዳትናገር።»

እስኪያልቅ ድረስ አልተናገረም። ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

«እታለም፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጊታር ነዋ! ዓይንህ የት ሄደ?»

«ጊታርነቷንማ አየሁ። የማን ናት ነው የምልሽ።»

«የኔ።» ይህን ስትል አገጯን ቀና አደረገች፤ ልጅ ሆና ጎረቤት ሲያስቸግራቸው እንደምታደርገው። «አሠርቻት ነው። ሦስት ወር ጠብቄ፣ ዛሬ ጠዋት መጣችልኝ።»

እህቱ ጡረታ ከወጣች ዓመት ሆኗታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የስልክ አገናኝ ነበረች፤ ግራ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አጥልቃ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር ስታጋጥም ኖራለች። የሰው ፍቅር፣ የሰው ኩርፊያ፣ የሰው መርዶ በእሷ ጆሮ አልፎ ወደ ባለቤቱ ሄዷል። ለራሷ የሚሆን ድምፅ ግን አልነበራትም። ጡረታ በወጣች በዘጠነኛው ወር፣ ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ጊታር ሠሪ እንዳለ ሰማችና ደወለችለት። ሰውየውን የመረጠችው ሥራውን አይታ አይደለም። ድምፁን ሰምታ፣ «ይህ ሰው አይዋሽም» ብላ ነው።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ‹በስልሳ አንድ ዓመቷ ጊታር አማራት› ብለህ።»

አልሳቀም። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። የእህቱን ፊት እንዲህ በርቶ ያየበትን ጊዜ ወደ ኋላ ቢቆጥር ቢቆጥር አልደርስበት አለው። እንግዲህ እዚህ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ነገር ግን ሰው ሙያውን በር ላይ አውልቆ አይገባም።

ሰውየው የዕቃ ቀቢ ነው። ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ምን ቢሰጡት ቫርኒሽ ቀብቶ፣ አሽቶ፣ ወልውሎ ሰው ፊቱን አይቶ ጸጉሩን የሚያበጥርበት ያደርገዋል። በዚህ የተነሣ አገር ምድሩ የሚያውቀው «መስታወት» በሚል ቅጽል ስም ነው። ታዲያ አንድ አመል አለው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ አንድ ትከሻውን ዝቅ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ብርሃን በላዩ ሲንሸራተት ካላየ አያርፍም። ብርሃን ሲንሸራተት ጉድ ሁሉ ይወጣል፤ አቧራው፣ የጣት አሻራው፣ ያልደረቀው፣ የወረደው ጠብታ። ሚስቱ «ቤቴ ስትገባ ዓይንህን ከጫማህ ጋር በር ላይ አውልቅልኝ» ትለዋለች።

«እስቲ ልያት» አለና ተቀበላት። ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ወረደ። አንገቱ ዘነበለ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ አፉ፣ እሱ ራሱ ሳያዘው።

«ምኗ?»

«የብሩሽ ጸጉር። እዪ፣ ከቀዳዳዋ ሥር። ቫርኒሹ ሳይደርቅ ከብሩሹ ወልቃ እዚያው ተቀብራ ቀርታለች።»

እህቱ ተነሥታ መነጽሯን አደረገች። አጎንብሳ አየች። «ምንም አይታየኝም።»

እዚህም ላይ ማቆም ይችል ነበር። «ተይው፣ እንዲሁ ነው» ቢል ነገሩ በተዘጋ ነበር። እሱ ግን እጇን ያዘና ሌባ ጣቷን በዚያ ለስላሳ ገጽ ላይ ቀስ አድርጎ ሳበው። «እዚህ ጋ። አሁን ወደ ብርሃኑ አዘንብያት። እንዲያ። የቅንድብ ጸጉር አታክልም? እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለች።»

እህቱ ጊታሯን ወደ ብርሃኑ አዘነበለቻት።

«አየኋት» አለች።

ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ወረደ። መስታወት ይህን ሰምቶ ክፉኛ ደነገጠና «ኧረ ምንም አይደለች! ነገሩን አልኩ እንጂ!» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። ቧንቧውን ፈታ፣ የጎማ ቀለበቱን ቀየረ፣ አሰረ። የውኃው ጠብታ ሲቆም ቤቱ ጭጭ አለ። ክሯ እንደገና ትሰማ እንደሆነ መፍቻውን እንደያዘ ጠበቀ። አልተሰማችም። ሲመለስ ጊታሯ ካርቶኗ ውስጥ ተጋድማ፣ ገለባው በላይዋ ተመልሶ ነበር።

«ምነው?»

«መልሼ እልካታለሁ።»

«በአንዲት ጸጉር?»

«ወንድሜ፣ ክሩን ልመታ ስል ዓይኔ እዚያው ሄዶ ይተከላል። ድምፁን ትቼ እሷን አያለሁ። ምን ላድርግ?» የተናገረችው ያለ ቁጣ ነው። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ስልኩን አንሥታ ለጊታር ሠሪው ደወለችለት። የሰውየው ድምፅ ጎላ ያለ ስለሆነ መስታወትም ሰማው።

«እመቤቴ፣ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። የኔ ጥፋት ነው። ይላኩልኝ፣ ሌላ እሠራልዎታለሁ። አራት ወር ይታገሡኝ።»

«አራት ወሩ ይሁን። ድምፅዋስ? ያው ይሆናል?»

«እንጨት እንደ ሰው ነው፣ እመቤቴ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ አይወጣቸውም። ‹ያው ይሆናል› ብልዎ ዋሸሁ።»

እህቱ አመስግና ስልኩን ዘጋች። ተቀምጣ የካርቶኑን ክዳን በመዳፏ ደባበሰችው።

«ስንት ሺህ ድምፅ ሰምቻለሁ መሰለህ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ያንን ወፍራም ክር ስነካው፣ ‹አቤት› ያለኝ ነው የመሰለኝ። እሱን ነው መልሼ የምልከው።» ቀጥላ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ቅዳሜ ልጀምር ነበር። እታች ያሉት መብራት ሠሪ ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለች።

«የትኛው መብራት ሠሪ?»

«ኸረ እሳቸው፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት። እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ይጫወቱ ነበር አሉ።» ይህን ስትል እጇ ሳታስበው ወደ ኮሌታዋ ሄዶ አስተካከለው። መስታወት ይህንንም አየ። የማያየው ነገር የለማ።

«እስከ ቅዳሜ ስጪኝ» አለ። «እኔ አወጣታለሁ። ሥራዬ አይደለም እንዴ? አውጥቼ፣ ደፍኜ፣ አሽቼ፣ የነበረች እንኳ እንዳትመስል አድርጌ አመጣልሻለሁ።»

እህቱ ትክ ብላ አየችው። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «አደራ ታዲያ።»

ካርቶኑን ታቅፎ ደረጃውን ሲወርድ አንድ ሌላ ሰው አብሮት ወረደ፤ በሐሳቡ።

ያ ሰው መሬት ቀያሽ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው። እናታቸው የሞተችው መስታወት ዘጠኝ ዓመቱ፣ እህቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ሳሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀያሹ እህቱን ፈልጎ እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው። ሦስተኛው እሑድ ላይ ሰውየው እንደሄደ እህቱ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እንዴት ነው ሰውየው?» ብላ ጠየቀችው። መስታወትም የታየውን ተናገረ። «ሲስቅ አፉ ወደ ግራ ይሸሻል» አለ፤ ብሎም አላበቃ፣ አፉን ወደ ግራ አሽሽቶ አሳያት። እህቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሚቀጥለው እሑድ ሰውየው ሲጫወት ዓይኗ አፉ ላይ ነበር። በዚያኛውም እሑድ። ከዚያ በኋላ ቀያሹ አልመጣም። ማንም ምንም አላለም። እህቱም ሌላ ሰው ወደ ቤቷ አላመጣችም።

በዚያች ነገር ይሁን፣ እሱን ለማሳደግ ብላ ይሁን፣ ወይም በሌላ በማያውቀው፣ ጠይቋት አያውቅም። ብቻ በመጀመሪያዎቹ በሁለቱም መንገድ ቢሄድ የሚደርሰው ራሱ ጋ ነው።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ጊታሯን ወደ ሥራ ቦታው ወሰዳት። ሥራ ቦታው ሁለት ክፍል ነው። በውስጠኛው እሱ ይቀባል፤ በውጪኛው አንዲት ሴት ሶፋ ታለብሳለች። «መርፌ» ይሏታል። ይህ ስም የወጣላት በእጇ ሥራ ይመስላቸዋል የማያውቋት ሰዎች። ሁለት ቃል ከተናገረቻቸው በኋላ ከአፏ መሆኑ ይገባቸዋል።

«ይኸውላችሁ!» አለች ካርቶኑን ስታይ። «መስታወት ዘፋኝ ሊሆን ነው። ጎረቤት ቤት የሚለቅበት ቀን ደረሰ።»

«የእህቴ ናት።»

«እህትህ? እሰይ! ደግ አደረገች። ታዲያ አንተ ጋ ምን ትሠራለች?»

ነገራት። የብሩሿን ጸጉር ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ሲያሳያት መርፌ ዓይኗን አጥብባ ቆየችና፣ «እኔ የሚታየኝ ጊታር ብቻ ነው» አለች።

«እህቴም መጀመሪያ አልታያትም ነበር።»

«መጀመሪያ?»

«እኔ አሳየኋት።»

መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ምንም ሳትል ወደ ሶፋዋ ተመለሰች። እሷ ዝም ስትል ከመናገሯ ይብሳል።

መስታወት ብርድ ልብስ አንጥፎ ጊታሯን አጋደማት። ክሮቹ ላይ ጨርቅ ጣለባቸው። በምላጭ ጫፍ ቫርኒሹን ከጸጉሯ ጎን ጎን ከፈተ፤ ከመርፌ ቀጭን መርፌ ለምኖ ጸጉሯን ከአንድ ጫፏ ብድግ አደረጋት። ትንፋሹን ውጦ ሳባት። ሙሉዋን ወጣች፤ ቡናማ፣ ከጥፍሩ የማትበልጥ። ነጭ ወረቀት ላይ አኖራት። ለዚች ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ።

የተከፈተውን ቦይ በቀጭን ስንጥር ጫፍ ቫርኒሽ ጠብ አድርጎ ሞላው። አደረቀ። ሐሙስ ጠዋት ደገመው፤ ማታ ከመሄዱ በፊት ሠለሰው። ዓርብ ጠዋት በጣም ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ዘይት አስነክቶ አሸው፤ ከዚያ በጥጥ፣ ከዚያ በመዳፉ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ እጁ ከእሱ ይልቅ ያውቃል። ሲጨርስ ጊታሯን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጸጉሯ የለችም። በቦታዋ ግን የሆነ ነገር አለ። እንዴት ብሎ ይናገረው? ሰው ብርድ ቀን መስኮት ላይ ተንፍሶ፣ ትንፋሹ ሊጠፋ ሲል ያለውን ያህል። ብርሃን ሲያልፍበት ለአፍታ ያመነታል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ከአንድ ሺህ ሰው አንድ ሰው ቢያየው ነው። ያ አንዱ ግን እሱ ነው።

እንደገና አሸው። ያ የትንፋሽ ጭጋግ ሰፋ። ደግሞ አሸው። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር አደገ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣና በእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቀለለ።

«አንተ! ምን ልታደርግ ነው?» መርፌ በሩ ላይ ቆማለች።

«ገጿን በሙሉ አንሥቼ እንደ አዲስ ልቀባት ነው።»

«ለነገ?»

«ለነገማ አይደርስም። ሳምንት ይፈጃል።»

«እህትህ ቅዳሜ አላለችም እንዴ?»

«ቅዳሜ ብትል እንዲህ ሆና ልስጣት? እያት እስቲ!»

«አየኋት። ምንም የለባትም።»

«አንቺ አታይም።»

«እውነትህን ነው፣ እኔ አላይም። ለመሆኑ ድምፅዋ እንዴት ነው?»

መስታወት የእንጨቱን ቁራጭ እንደያዘ ቀረ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ፊትህ አስተኝተሃት» አለች መርፌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ አልነካሃትም? ጊታር እኮ ናት። ጠረጴዛ አይደለችም።» ገባችና፣ ክሮቹ ላይ የተጣለውን ጨርቅ ገፈፈች፤ ጣቷ ላይ ባጠለቀችው የብረት ቆብ ስድስቱንም ክሮች ከላይ ወደ ታች ጠረገቻቸው።

ክሮቹ በመንገድ ላላ ብለው ስለነበር ድምፁ የተዘበራረቀ ነበር። ቢሆንም ሞላ። ወደ ባዶ የወንበር አጥንቶች ገባ፣ በቀለም ጣሳዎቹ መካከል ዞረ። የመስታወት መዳፍ የጊታሯ ሆድ ላይ ነበርና ንዝረቱ በክንዱ ወጣ። ልጅ ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው እህቱ ደረቷን ደረቱ ላይ አስደግፋ በአፍንጫዋ ታንጎራጉርለት ነበር፤ ዜማው ሳይሆን ንዝረቱ ነበር የሚያስተኛው። ይህን ለአርባ ዓመት ያህል ረስቶት ኖሯል።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል» አለች መርፌ። «አንተ ደግሞ በቫርኒሽ ልታሸው ነው። ተው አንተ ሰውዬ! ተው፣ ስጣት።»

ብርጭቆ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰው። ለመመለስ ግን ጊዜ ወሰደበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቱ ቤት ደረሰ። ቤቱ ተወልውሏል። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የሻይ ብርጭቆ ተደርድሯል። እህቱ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች፤ አዲስ አይደለም፣ ግን ተተኩሷል። ጊታሯን ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጣት።

«ወጣች?»

«ወጣች።»

እህቱ መነጽሯን አደረገች። ወደ መስኮቱ ዞረች። አንድ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፤ አንገቷን አዘነበለች። መስታወት አቋሙን አወቀው፤ የራሱ ነው። አስተምሯታል! ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃን ፊት ለፊት ስታይ የኖረችን ሴት በአንድ ቀን ጠማማ እይታ አስተምሯታል።

«ምንም አልቀረም?» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ለእሷ ዋሽቶ አያውቅም፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

«ትንሽ ነገር ቀርታለች» አለ። «የሠሪው አይደለችም፣ የኔ ናት። እሱን እንዳትወቅሺው።»

«የት ጋ?»

«አላሳይሽም።»

«ምን?»

«አላሳይሽም አልኩ። እንኳን አንቺ፣ ንጉሥ ቢመጣ አላሳይም። ከፈለግሽ ራስሽ ፈልጊ። ግን እለምንሻለሁ፣ እታለም፣ አትፈልጊ።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው። አፏ ጥግ ላይ አንድ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። ያን ሳቅ ሰምቶት የሚያውቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። «ተመስገን!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ዛሬ ገና ወንድሜ አንድ ነገር አላሳይም አለ! ሚስትህ ትስማ!» መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወፍራሙን ክር ነካችው።

በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

መብራት ሠሪው ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። ነጭ ሸሚዝ እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፏል። ጎንበስ ብሎ ለሁለቱም እጅ ነሣ።

«እርስዎ እንግዲህ ወንድምየው ነዎት» አለ። «ቫርኒሽ ላይ አቻ የለዎትም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እሷ ናት የምታጋንነው፣ ጋሼ።»

«ስለ እርስዎ ያላወራችበት ቀን የለም። እኔ እንደውም ትልቅ ሰው ጠብቄ ነበር፣ በቁመት ማለቴ ነው።»

እህቱ ሳቀች። መስታወትም ሳቀ። ሰውየው ጊታሯን በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ዱካው ላይ ተቀመጠና ጆሮውን ወደ ክሮቹ አስጠግቶ፣ መቃኛ ቁልፎቹን እያሽከረከረ አንድ በአንድ ይቃኛት ጀመር። እጁ ላይ የድሮ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ጠባሳ አለ። ቀስ ይላል። ክሩን ይነካል፣ ይሰማል፣ ይጠብቃል፣ ሩብ ያህል ያዞራል። እህቱ ትንፋሿን ይዛ ትመለከተዋለች፤ ሰዎች በእሷ መስመር ሲነጋገሩ ስታዳምጥ እንዲህ ሳትሆን አትቀርም ነበር።

ሰውየው ይበልጥ አጎነበሰ። የመስኮቱ ብርሃን በራሱ ላይ ወደቀ።

መስታወት ማየት አልፈለገም። ሻይውን አየ፤ ወለሉን አየ። ዓይን ግን ዘበኛ የለውም።

የሰውየው ጸጉር ተቀብቷል። ጥቁር፣ ዛሬ ጠዋት የተቀባ። ከጆሮው ጀርባ አንድ የቀለም ጠብታ ወርዳ፣ አንገቱ ላይ ደርቃ፣ ከነጩ ኮሌታ ልትደርስ ስትል ቆማለች። ከማጅራቱ በላይ ደግሞ፣ የሰው እጅ ወደ ኋላ ተጣምሞ የማይደርስበት ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል ሽበት ሳይቀባ ቀርቷል። ጀርባውን የሚያይለት ሰው የሌለው ሰው አቀባብ ነው። መስታወት ሥራውን ደረጃ በደረጃ አነበበው። ትንሽ የመላጫ መስታወት፣ የቸኮለ እጅ፣ የተንቀጠቀጠ ብሩሽ።

«ይቺ ቀጭኗ ታስቸግራለች» አለ መብራት ሠሪው ቀና ብሎ። «መነጽሬን እታች ረስቼዋለሁ። ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።» ጊታሯን ለእህቱ አስረክቦ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሁለት ሁለቱን ሲዘል ይሰማል፤ በዚያ ዕድሜ።

እህቱ ጊታሯን አቅፋ፣ አገጯን ጫፏ ላይ አስደግፋ ወንድሟን አየችው። ጉንጯ ቀልቷል። የሰውን መልስ ሁሉ ለባለቤቱ አቀብላ ለራሷ አንድ የምትጠብቅ ሰው ትመስላለች።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች በቀስታ።

«ማን፣ እኔ?»

«ሻይህን እንኳ አልነካህም። አንተ ዝም ስትል ያስፈራኛል።» ወደ በሩ ተመለከተችና ድምፅዋን የበለጠ ዝቅ አደረገች። «ያየኸው ነገር አለ?»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ያውም ደግ ቃል ነበር፤ ሊያስቃት የሚችል፣ ምናልባትም ሰውየውን ይበልጥ ሊያስወድድላት የሚችል። ጠብታዋ፣ ኮሌታው፣ ያልተደረሰበት ሽበት። በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። እህቱ ዓይኗን ሳታርገበግብ ትጠብቃለች። ታች በር ተዘጋ። እግሮቹ ወደ ላይ መምጣት ጀመሩ፤ ፈጠን ፈጠን፣ አሁንም ሁለት ሁለቱን።

መስታወት ቃሉ ሳያመልጠው ተነሣ። ጃኬቱን ከወንበሩ ጀርባ አንሥቶ አንድ እጅጌውን አጠለቀ።

«ወዴት ነው?» አለች እህቱ። «ገና ሳንጀምር? ምን ሆንክ?»

ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቀ። በሩ ላይ ከመብራት ሠሪው ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ሰውየው መነጽሩን ይዞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ፈገግ ብሏል።

«ወንድም! እየሄዱ ነው እንዴ?»

መስታወት ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ በጎኑ አልፎ ወጣ፤ በሩን ቀስ ብሎ ሳበና ደረጃውን ወረደ።